በሩን የሚዘጋው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ

ልጆቼ፣ የደላንታዋን ከተማ የወገል ጤናንና የአካባቢዋን ታሪክ በድረ ገጽ ለማሰባሰብ መነሳታችሁ ደግ አሳብ ነው። ምክር ስጠን ስላላችሁኝም የማውቀውን አልሸሽግም። ኮምፒውተሩን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ የማውቀው ሰውን ነው። በመምህርነትም በቅሬ (በእድር) ጸሐፊነትም የኖርኩት ሰው ሲናገር እያዳመጥኩና እየጻፍኩ ነው። ሰው መቼ እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚቆጠብ፣ ተናግሮም ሲያበቃ መቼ «ይህቺን እንኳ አትጻፋት» እንደሚል ከዚያ ተምሬአለሁ። የምክሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ማኅደር ስትሠሩ «ምን እናስገባ?» ከማለታችሁ በፊት «ይህ አይውጣ» የማለት ሥልጣን የማን እንደሆነ ወስኑ። ያ ሥልጣን በባለታሪኩ እጅ ካልሆነ የቀረው ሁሉ ቢያምር የእናንተ ሥራ እንጂ የአገሬው አይሆንም።

ይህን የምለው ምድራችን ካየችው ነገር ተነስቼ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የዘረፈውን ዕቃ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ የበሽሎን ወንዝ አሻገረና ደላንታ ሜዳ ላይ አራገፈው። ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን እዚሁ ሐራጅ ተባለ። የብራና መጻሕፍቱም፣ መስቀሉም፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋዩም ለጨረታ ቀረበ። ከብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። ከሽያጩ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ገደማ ለወታደሩ ተከፋፈለ፤ 350 የሚሆኑት መጻሕፍት ሙዚየሙ ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያወራዋል። የሚረሳው ግን አንድ ነገር አለ። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን መቅደላ ያወጧቸው ራሳቸው ቴዎድሮስ ነበሩ፤ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ላይ ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያኖሯቸው ናቸው። ንጉሡ በጎ አሳብ ነበራቸው፣ እንግሊዞቹ ደግሞ ሐራጅ ነበራቸው፤ የጎንደሩን ደብር ግን ሁለቱም አልጠየቁትም። እናንተም በጎ አሳብ አላችሁ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይላል አገሬው። በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ስትሄዱ ዕቃው ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ የሚወጣው ቅጂው ነው። ንቀት ግን በቅጂም ይመጣል።

እንግዲህ ከማን ጋር እንደምትቀመጡ ልንገራችሁ። «ኅብረተሰቡን አወያይተናል» ለማለት ሰው አዳራሽ ሰብስባችሁ ብታስፈርሙ፣ የምትሰሙት በየስብሰባው የሚናገረውን ያንኑ ሰው ነው። ሰው ድሮም ወደሚቀመጥበት ሂዱ። ቅሬ አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ማኅበር አለ፤ በመስጊድ በኩል ሸሆቹ አሉ፣ ዱዓ የሚያደርጉት ሴቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ አሉ። ስለ ብራና መጻሕፍት መርጌታውን፣ ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ገበዙን ጠይቁ። ስለ ክፉ ቀን ግን ሴቶቹን ጠይቁ፤ የቱ ልጅ በየትኛው ወር እንደሞተ፣ ዘር የሚሆን እህል ከየት እንደተገኘ፣ ማን ለማን እንዳበደረ የያዙት እነሱ ናቸው። እሱም በቡና ሰዓት እንጂ በአዳራሽ አይነገርም።

ወጣቱንም አትለፉት። ፀሐይ መውጫ በተባለው ሥፍራ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ገደሉን እየፈለፈሉ የገቡት የገበሬ ልጆች ናቸው። ስለ ድንጋዩ የውጭ አገር ባለሙያዎች ጽፈዋል። ዋሻው ውስጥ ስላለው ሥራ፣ ስለ ናዳው፣ ስለ ደላላው፣ ከድንጋዩ ስለተሠራው ቤትና ስለተበተነው ገንዘብ መናገር የሚችሉት ግን ቆፋሪዎቹ ናቸው። ታሪክ ማለት የቴዎድሮስ ዘመን ብቻ ከመሰላችሁ የራሳችሁን ዘመን ለሌላ ሰው ትታችሁ ታልፋላችሁ።

በሥፍራው የሌለውም ነዋሪ ነው። በ1977 እና 78 ዓ.ም. ከወሎ በሰፈራ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር የተወሰደው ሕዝብ ቀላል አይደለም። ከዚያ ወዲህም አዲስ አበባ፣ ዓረብ አገርና አሜሪካ የገባው አለ። የቤተሰብ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እነሱ ዘንድ ነው፤ የፎቶው ታሪክ ደግሞ እዚህ የቀሩት አያት ዘንድ። ሁለቱን ማገናኘት ለድረ ገጻችሁ ከሁሉ የሚቀለውና ከሁሉ የሚጠቅመው ሥራ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለውን ሥራ ተመልከቱት፤ ከነዋሪው የቤት አልበም ፎቶውን ከባለቤቱ ትረካ ጋር እየሰበሰበ በመጽሐፍ ጭምር አውጥቶታል። ሰው የሚወደው ፎቶውን ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለችውን የባለቤቱን ቃል ነው።

አሁን ወደ ድረ ገጹ መልክ ልምጣ። በኮምፒውተር አሳምራችሁ ሠርታችሁ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አታሳዩ። የእኛ ሰው ለደከመ ሰው «አልወደድኩትም» አይልም፤ «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ» ብሎ ይሸኛችኋል። ይልቅ ገና ምንም ሳትሠሩ ፎቶዎቹንና የወረቀቶቹን ቅጂ ሰሌን ላይ ዘርግታችሁ «የቱን ከየቱ ጋር ታስቀምጣላችሁ?» በሉ፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ እጃቸውን እዩ። «ባህል»፣ «ሃይማኖት»፣ «ኢኮኖሚ» ብሎ የሚከፍል ሽማግሌ አላየሁም። አንዱ በአጥቢያ ይለያል፣ ሌላው በዘመድ፣ ሌላዋ «ይህ ከድርቁ በፊት፣ ይህ ከድርቁ በኋላ» ትላለች። የድረ ገጻችሁ ዋና ማውጫ ከዚያ ሰሌን ላይ ይነሳ። ሥራው ሲጀመር ደግሞ ስልኩን ሰጥታችሁ «የአጎትዎን ፎቶ ያግኙልኝ» በሉና አትርዷቸው። ጣታቸው የቆመበት ቦታ ላይ ጥፋቱ የድረ ገጹ ነው።

የቦታ ስም ስትመዘግቡ በወረዳ ስም ብቻ አትታመኑ። ደላንታና ዳውንት በአንድ ወረዳ ስም ይጠሩ የነበረበት ጊዜ አለ፤ ዛሬ ለየብቻ ናቸው። አስተዳደር ይቀያየራል፣ አጥቢያና መንደር ግን ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዉ የሚጠራበትን ስም፣ ቀጥሎ የዛሬውን ቀበሌና ወረዳ ጻፉ።

ዘመንም እንደዚሁ ነው። ሰው «በስድሳ ስድስት» ወይም «በጣሊያን ጊዜ» ሲላችሁ የተናገረውን እንዳለ መዝግቡት፤ እናንተ ያሰላችሁት ዓመት በሌላ ቦታ ለብቻው ይቀመጥ። ሁለቱን ከቀላቀላችሁ ነገ የእናንተ ስሌት የሽማግሌው ቃል ይመስላል። የፈረንጁን ዓመት ስትጨምሩም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ልዩነት መኖሩን አትዘንጉ። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት አብራችሁ ጻፉ።

ፊደል ላይ እኔ የመምህርነት ነገር ይዞኝ ጠንከር እላለሁ፤ ለማሽኑ ግን ገር ሁኑ። «ፀሐይ መውጫ»ን አንዱ «ጸሀይ» ሌላው «ፀሃይ» ብሎ ይፈልጋል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ባለቤቱ የጻፈውን እንዳለ አኑሩ፤ ፍለጋው ግን ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ጸ እና ፀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን እንደ አንድ እንዲያይ አድርጉት። ሌላም ልብ በሉ፤ ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተተየቡ ቃለ ጉባኤዎችና የሕይወት ታሪኮች በየፍላሹ አሉ፤ ዛሬ ስትከፍቷቸው ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሏቸው፤ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ሰው ፈልጉ፣ ዋናውን ፋይልም አብራችሁ አቆዩ።

ከሁሉ በላይ ድምፅን አስቀድሙ። ማንበብ የማይችል ሰው ማኅደሩን በጆሮው ይጠቀምበታል። ዋናውን ቅጂ ሳትጨምቁ አስቀምጡ፤ ለሰሚው ግን በደካማ መስመር የሚወርድ ቀለል ያለ ቅጂ ስጡት። የእናታቸውን ድምፅ ሰምተው ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰዎች ታገኛላችሁ፤ ያኔ ሥራችሁ ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ በሩ ልመለስ። አንዲት እናት በክፉው ጊዜ የደረሰባቸውን ከነገሩኝ በኋላ «ይህ ለልጆቼ ነው እንጂ ለገበያ አይደለም» አሉኝ። ይህ ቃል ለሥራችሁ ሕግ ይሁናችሁ። ማኅደራችሁ ሦስት በር ይኑረው። አንደኛው ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። ሁለተኛው ለአገሬውና ለቤተሰቡ ብቻ ነው፤ በይለፍ ቃል ወይም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ብቻ ይታይ። ሦስተኛው እስከተወሰነ ጊዜ የተዘጋ ነው፤ ተናጋሪው እስኪያልፍ ወይም ልጆቹ እስኪያድጉ። የቱ በር እንደሆነ ተናጋሪው ራሱ በቅጂው መጨረሻ ላይ በገዛ ድምፁ ይናገር። ፊርማ ማንበብ ለማይችል ሰው ምንም አይደለም፤ ድምፁ ግን የማይካድ ምስክር ነው።

ይህ የእኔ የሽማግሌ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ የዋሩሙንጉ ሕዝብ በ2007 እ.ኤ.አ. ሙኩርቱ የተባለ ማኅደር ሠርተዋል። እዚያ አንድን ፎቶ ማን ማየት እንደሚችል የሚወሰነው በራሳቸው ወግ ነው፤ በዝምድና፣ በጾታ፣ በትውልድ ቦታ፣ ሰውየው በሕይወት በመኖሩ ወይም በማለፉ። ሶፍትዌሩም በነጻ የሚገኝ ሆኖ ሌሎች ብዙ ማኅበረሰቦች ይገለገሉበታል። የእኛም ወግ ቢሆን ይህን ያውቃል፤ ገበዙ ለሁሉ የሚያወጣውና ከዕቃ ቤት የማያወጣው አለ። በአገራችን ሕግም ቢሆን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ፈቃድ የሰጠ ሰው ፈቃዱን መልሶ መውሰድ ይችላል። እናንተ ግን ሕጉ ስላስገደዳችሁ ሳይሆን ነገም በዚያ ደጃፍ ስለምታልፉ አድርጉት።

ለምን በሩ ላይ ይህን ያህል እንደምቆም ታውቃላችሁ? ወሎ ፊቱን ሳይጠየቅ ለዓለም ያሳየ አገር ስለሆነ ነው። በ1966ቱ ድርቅ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነበረ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ የተናገረበት የኮረም ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ያ ፊልም እርዳታ አምጥቷል፣ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ግን ከእነዚያ ፊቶች የብዙዎቹ ስም አልተጻፈም። ማኅደራችሁ የዚያን ዘመን ፎቶ ካገኘ መጀመሪያ ስሙን ፈልጉ፣ ቤተሰቡን ፈልጉ። ቤተሰቡ «ይታይ» ካለ ከነስሙ፣ ከነአጥቢያው ይታይ። «አይታይ» ካለ ይዘጋ። ስም ካልተገኘ ደግሞ ለድረ ገጹ ማስዋቢያ አታድርጉት።

የእያንዳንዱን በር ባለቤት ለዩ። ስለ ራሱ የተናገረ ራሱ ይወስናል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ገበዙና ሰበካ ጉባኤው፣ የመስጊዱን መስጊዱ፣ የቅሬውን መዝገብ ቅሬው። ከባዱ ተናጋሪው ስለሌላ ሰው የሚናገረው ነው። የእገሌ አያት እንዲህ ነበር፣ የእገሌ ዘር ከዚህ ይመዘዛል፣ ያ መሬት በሐሰት ምስክር ነው የሄደው ይላል። እንዲህ ያለው ቃል አንድ ጊዜ ድረ ገጽ ላይ ከወጣ ጋብቻ ያፈርሳል፣ ደም ያቃባል። ሦስተኛ ሰው የሚነካ ነገር ሁሉ ሳይወጣ በፊት ሽማግሌዎች ይዩት፤ የተነካውም ወገን ይሰማ።

ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ እኛም ሽማግሌዎች ፍጹማን አይደለንም። የመዝጋት ሥልጣን ኃይለኛው ነውሩን የሚሸሽግበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተዘጋ ነገር አይጥፋ፣ አይቃጠል። ማን እንደዘጋው፣ ለምን እንደዘጋው፣ መቼ እንደገና እንደሚታይ ይጻፍ። ሽማግሌ በምትሉት ውስጥም ሴቶች ይኑሩ፣ ወጣት ይኑር፣ ድሃ ይኑር። የሚጋጭ ትረካ ሲመጣም አታስታርቁት። ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ከጋፋት አስጎትተው በዚህ ገደል መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ሲያልፉ ማን በውድ ተሰለፈ፣ ማን በግድ ተገፋ፣ የማን እህል ተወሰደ? ከሁለት ቤት ሁለት መልስ ከመጣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አኑሩት። ዳኝነቱ የእናንተ አይደለም።

ዕቃ ከባለቤቱ እጅ አታውጡ። «ስካን አድርገን እንመልሳለን» ብለው አልበም የወሰዱና ያልተመለሱ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ሰውም አይረሳላቸውም። ደጃፉ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ ሳታበሩ፣ ባለቤቱ እያየ አንሱና እዚያው መልሱ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየገዳማቱንና የየአድባራቱን ብራና በማይክሮፊልም ያነሳው ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቀድቷል፤ ዋናው ከባለቤቱ ዘንድ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ። ቅጂው ለጥበቃም ይረዳል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ቤልጅየም ተገኝቶ ተመልሷል፤ መልኩ በፎቶ የሚታወቅ ዕቃ ለሌባ መሸጫው ይጠበዋል። ነገር ግን መልኩን ስታሳዩ ያለበትን ቤት አታሳዩ። የትኛው ደብር፣ የትኛው ዕቃ ቤት፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሆነ ድረ ገጽ ላይ አይወጣም።

ድረ ገጽ የሚፈርስ ነገር ነው፤ ይህን ከአሁኑ እመኑ። ያን ሁሉ መጽሐፋችንን የያዘው ብሪቲሽ ላይብረሪ እንኳ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ጥቃት ደርሶበት በዲጂታል የተቀዱት ብራናዎች ለረጅም ጊዜ መታየት አቁመው ነበር። በእኛም ክልል ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት በወሎ ሲያልፍ ደግሞ የየመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ምን እንደሆነ አይታችኋል። ስለዚህ ማኅደሩ ያለ ኢንተርኔትም ይሥራ። አንድ ሙሉ ቅጂ ከተማው ውስጥ፣ አንዱ ከተማው ውጭ በታመነ ሰው ዘንድ፣ አንዱ በድረ ገጹ ይኑር። ሰውም የቤተሰቡን ፎቶና ድምፅ በሚሞሪ ካርድ ወይም በቴሌግራም ይውሰድ፤ በብዙ ቤት የተበተነ ቅጂ በአንድ ቀን አይጠፋም። የእያንዳንዱን ፋይል ቁጥር፣ ስምና የበሩን ዓይነት ደግሞ በወፍራም ደብተር በእጅ ጻፉ። መብራት በሌለበት ቀን የሚነበበው ያ ደብተር ነው።

የመጨረሻው የገንዘብና የቁልፍ ነገር ነው። ድረ ገጹ በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ አለው። ፕሮጀክት ሲያልቅ ከፋዩ ይሄዳል፣ ማኅደሩም አብሮ ይዘጋል። ከመጀመሪያው ክፍያውን በአገሬው አቅም ልክ አድርጉት፤ ቅሬ ለቀብር እንደሚያዋጣ ጥቂት ጥቂት የሚያዋጣ ሰው ይኑር፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጥ። የይለፍ ቃሉ በአንድ ጎበዝ ልጅ ራስ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ፤ ያ ልጅ ያገባል፣ ይሄዳል፣ ይሞታል። ሦስት ሰው ይወቀው፤ አንዷ ሴት ትሁን፣ አንዱ ከወገል ጤና የማይነቃነቅ ይሁን።

እንግዲህ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። ማን ይከፍታል፣ ማን ይዘጋል፣ ማን ያስነሳል፣ ቅሬታ ወደ ማን ይቀርባል፣ እናንተ ስትሄዱ ቁልፉን ማን ይረከባል? በቅሬው ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የሚቃወም ሰው ከተነሳ ደስ ይበላችሁ፤ ጉዳዩን የራሱ አድርጎታል ማለት ነው። እሱ ያለውን አስገብታችሁ እንደገና አንብቡት። ተስማምተው «እንግዲህ ጀምሩ» ሲሏችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ ቀን በፊት አንድም ፎቶ አታንሱ።